ባላጋራን ሳያዩ ስኪል መምረጥ፦ በሂሮስ 3 ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀግና እየመሩ፣ ከተማ እየገነቡ፣ ሠራዊት እያዋጉ የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3፣ ብዙ ዘመን አልፎታል። ኒው ዎርልድ ኮምፒውቲንግ የሠራው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ባሕር ዳር ያለነው ግን ዛሬም አልለቀቅነውም። ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ኢንተርኔት መጣ ሄደ ግድ የለውም። ሆት ሲት በሚባለው አጨዋወት ብዙ ሰው በአንድ ላፕቶፕ ተራ በተራ መጫወት ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ጥላ ያለበት ካፌ ይፈለግና የፖሊውም የፔዳውም (የዩኒቨርሲቲው ሁለት ግቢዎች) ልጅ ይሰበሰባል። አንዱ ተራውን ሲጫወት ሌላው ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል፤ የሰው ስክሪን ማየት ነውር ነዋ።

እነዚህን ጨዋታዎች ሳይ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ውጊያ የሚችል ልጅ፣ ሒሳቡን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ፣ ገና ሳይዋጋ ይሸነፋል። ሠራዊቱን የሚመራው ጀግና ሌቭል በጨመረ ቁጥር ደስ ያለውን ስኪል (የጀግናውን ችሎታ) ይመርጣል፣ ማንን ሊገጥም እንደሆነ አያስብም። ስኪል የሚመረጠው ግን ከፊት የሚቆመውን ወገን አይቶ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ስምንቱን ቦታ ባገኙት መሙላት

ጨዋታው ውስጥ 28 ስኪሎች አሉ። አንድ ጀግና መያዝ የሚችለው 8 ብቻ ነው። የገባ አይወጣም። ሌቭል ስትጨምሩ ሁለት ምርጫ ይቀርብላችኋል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ያላችሁን ስኪል ከፍ የሚያደርግ ነው፣ ሌላው አዲስ ነው። ጀማሪ አዲሱን አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

ኢግል አይን እንውሰድ። ጠላት በውጊያ ላይ የተጠቀመውን አስማት የመማር ዕድል ይሰጣል። ስኪል ቤዚክ፣ አድቫንስድ፣ ኤክስፐርት እያለ ያድጋል፤ ይሄን እስከ ኤክስፐርት ብታደርሱት ዕድሉ 60 በመቶ ነው፤ አምስተኛ ደረጃ አስማት ደግሞ ጭራሽ አያስተምርም። ለርኒንግ ኤክስፐርት ሆኖ የሚጨምረው የልምድ ነጥብ 15 በመቶ ብቻ ነው። ሚስቲሲዝም በየቀኑ ጥቂት የአስማት ነጥብ ይመልሳል፤ ማጅ ጊልድ (አስማት የሚማሩበት ሕንፃ) ያለው ከተማ ውስጥ ያደረ ጀግና ግን ጠዋት ሙሉውን ይዞ ይነሳል። ለእነዚህ ብላችሁ ዋናውን ጀግና አታባክኑት። ሁለቱም ምርጫ የማይረባ ከሆነ ያለውን ከፍ አድርጉና እለፉ። አዲስ ቦታ አትክፈቱ።

ስካውቲንግ አይረባም ሲሉ ግን አልስማማም። ለዋናው ጀግና አይሆንም፤ መንገድ እያየ ለሚዞረው ረዳት ግን ጥሩ ነው።

ጠላት ምን እንደያዘ አለመጠየቅ

ከተማችሁ ውስጥ ታቨርን የሚባለውን ሕንፃ ሥሩ። ውስጡ ያለውን ቲቭስ ጊልድ (የሌሎቹን ተጫዋቾች ወሬ የሚያሳየውን ገጽ) በየሳምንቱ ክፈቱት። የታቨርናችሁ ቁጥር በጨመረ መጠን ስለ ሌሎቹ ተጫዋቾች የሚነግራችሁ ነገርም ይጨምራል። ለታቨርን 500 ወርቅ የማያወጣ ሰው የሚመርጠው በጭፍን ነው።

ኧርዝ ማጂክን መዝለል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አራት ዓይነት የአስማት ስኪል አለ፦ ኧርዝ፣ ኤር፣ ፋየር እና ዎተር። ልጆች ፋየርን ይወዳሉ፣ ሲነድ ማየት ያስደስታል። ጨዋታ የሚያሸንፈው ግን ኧርዝ ነው።

ስሎው የሚባለውን አስማት ተመልከቱ። አንደኛ ደረጃ ስለሆነ ማንም ያገኘዋል፣ ለዚህም ይናቃል። ያለ ኧርዝ ማጂክ ከተጠቀማችሁበት የሚያርፈው በአንድ የጠላት ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱንም በሩብ ብቻ ይቀንሳል። ኤክስፐርት ኧርዝ ካላችሁ ግን የጠላትን ሠራዊት በሙሉ በአንዴ ይይዛል፣ ፍጥነቱንም በግማሽ ያወርደዋል። የሚያስወጣችሁ አምስት የአስማት ነጥብ ነው።

ካስል ገጠማችሁ እንበል (ካስል፣ ራምፓርት፣ ታወር፣ ኢንፈርኖ፣ ነክሮፖሊስ፣ ደንጀን፣ ስትሮንግሆልድ፣ ፎርትረስና ኮንፍላክስ የጨዋታው ወገኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ከተማና ወታደር አለው)። የአርክኤንጅል ፍጥነት 18 ነው፤ 9 ሆነ። የሮያል ግሪፈን ፍጥነት 9 ነበር፤ ከግማሽ በላይ አይቀርለትም። ሃልበርዲየር በ5 ሲራመድ የነበረው አሁን እያነከሰ ይመጣል። ሜዳው ጫፍ ለጫፍ 15 ሳጥን ነው። እሱ እስኪደርስ የእናንተ ቀስተኞች ስንት ጊዜ እንደሚተኩሱ አስቡት። ሌላም አለ። በየዙሩ ቅድሚያ የሚያገኘው ፈጣኑ ስለሆነ፣ ትናንት ከኋላ የነበሩት ወታደሮቻችሁ ዛሬ ቀድመው ይመታሉ። ጠላት ሄስት ተጠቅሞ ሠራዊቱን አፍጥኖ ከሆነም ስሎው ያንን ያፈርስበታል።

ታውን ፖርታልም የኧርዝ ነው። ጀግናችሁን ካለበት አንሥቶ ከተማችሁ ላይ ያሳርፈዋል። ኧርዝ አድቫንስድ ካልደረሰ የሚወስዳችሁ በአቅራቢያ ወዳለው ከተማ ነው፣ ከአድቫንስድ ጀምሮ ግን የምትሄዱበትን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ትልቅ ካርታ ላይ ይሄ አስማት ያለው ሰው አንድ ጀግና ይዞ ሦስት ከተማ ይጠብቃል። አራተኛ ደረጃ ስለሆነ ዊዝደም (ከፍ ያለ ደረጃ አስማት ለመማር የሚያስፈልገው ስኪል) ቢያንስ አድቫንስድ መድረስ አለበት።

ዊዝደምን ስናነሳ ሌላ ስህተት አለ። የስትሮንግሆልድና የፎርትረስ ማጅ ጊልድ ከሦስተኛ ደረጃ አያልፍም። የካስል ከአራተኛ አያልፍም። ስትሮንግሆልድ ይዛችሁ፣ የሌላ ወገን ከተማ ሳትይዙ፣ ዊዝደምን ኤክስፐርት ለማድረስ መሮጥ ለማታገኙት አስማት ቦታ መያዝ ነው። ቤዚክ ዊዝደም ይበቃችኋል። ስሎው ግን ለስትሮንግሆልድም ይሠራል፤ ስለዚህ ኧርዝን እዚያም አትተዉት።

አርቸሪን ለሁሉም ከተማ መምረጥ

ኤክስፐርት አርቸሪ የተኳሾችን ጉዳት በ50 በመቶ ይጨምራል። ቁጥሩ ያጓጓል። ግን ተኳሽ አላችሁ ወይ? ታወር ሦስት ተኳሽ አለው፦ ማስተር ግሬምሊን፣ ሜጅ እና ታይታን። ካስል ሁለት አለው። ለእነዚህ ምረጡት። ፎርትረስ ያለው ሊዛርድማን ብቻ ነው፣ ኢንፈርኖ ጎግ ብቻ፣ ነክሮፖሊስ ሊች ብቻ። ለእነዚህ ከአርቸሪ ይልቅ ኦፈንስ ወይም አርሞረር ይሻላል። ኦፈንስ የእጅ በእጅ ጉዳትን እስከ 30 በመቶ ይጨምራል፣ አርሞረር የሚደርስባችሁን ጉዳት እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል።

ተኳሽ ያለውም ቢሆን ርቀቱን ይይ። ከ10 ሳጥን በላይ የተተኮሰ ቀስት ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጠላት አጠገቡ የቆመበት ተኳሽ ደግሞ መተኮስ አይችልም።

ነክሮፖሊስን እንደማንኛውም ወገን መግጠም

አንድ ቅዳሜ ከአንድ የፖሊ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። የፖሊው ልጅ ካስል ይዟል። ዋና ጀግናው ፋየር ማጂክ ኤክስፐርት ነው፤ ጠላትን የሚያሳውር ብላይንድ አለው፣ ጠላትን አሳብዶ አጠገቡ ያለውን የሚያስመታ በርሰርክ አለው። በነዚሁ ራምፓርትን ድባቅ መትቶ ነው የመጣው። አሁን የገጠመው የሙታኑን ወገን ነክሮፖሊስን ነው። የሻይ ብርጭቆውን ከኪቦርዱ ራቅ አደረገና ብላይንድን ከፍቶ ማውሱን ቫምፓየር ሎርዶቹ ላይ አሳረፈ። አስማቱ እነሱን አይቀበልም። ወደ ድሬድ ናይት ወሰደው። እዚያም አልሆነም። በርሰርክም ያው ነው። ሙታን አእምሮን የሚነካ አስማት ፈጽሞ አይሠራባቸውም።

በቀስተኞቹ ስድስት ቫምፓየር ሎርድ ገደለ። ሁላችንም አጨበጨብን። በሚቀጥለው ተራ ቫምፓየሮቹ በርረው ክሩሴደሮቹን ነከሱ፣ ስድስቱም ተነሡ። ክሩሴደሮቹ መልሰው አልመቱም፤ ቫምፓየርን ማንም አጸፋ አይመታውም። ልጁ ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ። ጥፋቱ የዚያ ቀን ውጊያ ላይ አልነበረም። ፋየርን ሲመርጥ ካርታው ላይ ነክሮፖሊስ እንዳለ ያውቅ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ፣ ቫምፓየር ሎርድን በቁንጽል አትምቱት። ደም በመጠጣት የሚያስነሣው ውጊያው ሲጀመር የነበረውን ቁጥር እስኪሞላ ነው፤ ክፍሉ ጨርሶ ካለቀ ግን የሚጠጣ የለም። ስለዚህ በአንድ ዙር ያላችሁን ሁሉ እሱ ላይ አውርዱ፣ ሌላውን ለጊዜው እርሱት። ሁለተኛ፣ ደም የሌለውን አስቀድሙ። ቫምፓየር ከጋርጎይል፣ ከጎለም፣ ከኤለመንታልና ከሙታን ምንም አይጠጣም። ለዚህ ነው ታወርና ኮንፍላክስ ነክሮፖሊስን ደህና አድርገው የሚጋፈጡት። ታወር የያዘ ሰው ጎለሞቹ ዘገምተኛ ናቸው ብሎ ከተማ ጥሏቸው ሲመጣ ሳይ ያናድደኛል። ሦስተኛ፣ ስሎው ሙታንንም ይይዛል። እንደገና ኧርዝ ላይ ደረስን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜ ነው። ነክሮማንሲ ያለው ጀግና ካሸነፈው ውጊያ ሁሉ አጽም ይዞ ይወጣል። ደመወዝ አይከፍልም፣ ከተማ አይመለስም፣ ሠራዊቱ ያድጋል። «ትንሽ ልጠናከርና እገጥመዋለሁ» የሚል ሰው፣ እሱ ሁለት ክፍል ሲጨምር ነክሮፖሊስ በመቶዎች እየጨመረ መሆኑን አይርሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ነክሮፖሊስ ጎረቤታችሁ ከሆነ ሎጂስቲክስን ቀድማችሁ ምረጡ። ኤክስፐርት ሎጂስቲክስ የየብስ ጉዞን በ30 በመቶ ይጨምራል። ቶሎ ድረሱበት።

ድራገን ላይ አስማት ማባከን

ብላክ ድራገን ምንም አስማት አይነካውም። ጎልድ ድራገን እስከ አራተኛ ደረጃ ያለውን አይቀበልም፣ ግሪንና ሬድ ድራገን እስከ ሦስተኛ። ኧርዝን ያን ያህል ካወደስኩ በኋላ ይሄን መናገር አለብኝ፦ ስሎው እነዚህን አይዛቸውም። ደንጀን ወይም ራምፓርት ገጥሟችሁ ጨዋታው ከረዘመ ኦፈንስና አርሞረር ከማንኛውም የአስማት ስኪል ይበልጣሉ።

ደንጀን የያዙትም ይሳሳታሉ። ብላክ ድራገን የጠላትን አስማት እንደማይቀበል ሁሉ የእናንተንም አይቀበልም። ሄስት የለም፣ የሞተ የሚያስነሣው ሪዘሬክሽንም የለም። በሌላ በኩል አርማጌዶን የሚባለው አስማት ሜዳውን በሙሉ ሲያቃጥል ብላክ ድራገን ምንም አይሆንም። ጠላታችሁ ድራገን ብቻ ይዞ ከመጣ ሊያደርግ ያሰበው ይሄንን ነው። ብዛት ያለው ደካማ ወታደር ይዛችሁ አትውጡ።

የጠላትነት ጥንዶችን መርሳት

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። በጨዋታው ውስጥ እርስ በርስ የሚጠላሉ ፍጡራን አሉ፣ ሲመታቱ ጉዳቱ በ50 በመቶ ይጨምራል። ኤንጅል እና ዴቭል። ጂኒ እና ኢፍሪት። ታይታን እና ብላክ ድራገን። ጥላቻው የሁለቱም ወገን ስለሆነ ዋናው ጥያቄ ማን ይቀድማል የሚለው ነው። አርክኤንጅል በ18፣ አርክ ዴቭል በ17 ይሄዳል። በአንድ ነጥብ ልዩነት ካስል ይቀድማል። ኢንፈርኖ የያዘ ሰው ይቺን ነጥብ የሚያስመልስበት ነገር ካልፈለገ ወገቡ ይቆረጣል። ስሎው ወይም ሄስት አንዱ የግድ ይኑረው።

ያገኙትን ወታደር ሁሉ ይዞ መዞር

የሦስት ወገን ወታደር ከቀላቀላችሁ የሠራዊቱ ሞራል ይወርዳል። ሙታን ከሌላው ጋር ከተቀላቀሉ ደግሞ ይብስበታል። ጀግናው በቀን የሚሄደው መንገድም የሚለካው በዘገምተኛው ወታደር ነው። ራምፓርት የያዘ ሰው ድዋርፍን ከሩቅ ጉዞ ያስቀረው፤ ፍጥነቱ 3 ነው።

ዌይት የምትለዋን ቁልፍ አለመንካት

ስኪሉን በትክክል መርጠውም እዚህ ላይ የሚያበላሹት ብዙ ናቸው። ፈጣን ክፍል ተራው ሲደርስ ወዲያው መምታት የለበትም። ዌይት ካላችሁት ሌሎቹ ከተንቀሳቀሱ በኋላ ተራው ይመለስለታል። ጠላት በራሱ እግር ይቀርባችኋል፣ በዙሩ መጨረሻ ትመታላችሁ፣ አዲሱ ዙር ሲጀመር ደግሞ ፈጣን ስለሆናችሁ ቀድማችሁ ትደግሙታላችሁ። ወይ ታፈገፍጋላችሁ።

አጸፋንም ቁጠሩ። አብዛኛው ፍጡር በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው መልሶ የሚመታው። መጀመሪያ የማትሳሱለትን ትንሽ ክፍል ላኩና አጸፋውን ያውጣው፣ ከዚያ ዋናው ክፍላችሁ በነጻ ይምታ። ይሄ ግን ሮያል ግሪፈን ላይ አይሠራም፤ እሱ የመታውን ሁሉ ሳይሰለች ይመልሳል። እሱን ከሩቅ በቀስት ጨርሱት፣ ቀስት ከሌላችሁ ደግሞ አጸፋ በማይመለስባቸው ሰርበረስ፣ ሃይድራ ወይም ናጋ ግጠሙት።