ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ የታሰረን ሰው ለማስፈታትና ካሳ ለመጠየቅ

ሐዋሳ ውስጥ ዘመድዎ ፖሊስ ጣቢያ ከገባ መጀመሪያ የተያዘበትን ሰዓት ይጻፉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ፍርድ ቤት ለማቅረብ የሰጠው 48 ሰዓት ከዚያ ይቆጠራል፤ የማይታሰበው ተገቢው የጉዞ ጊዜ ነው። «ቅዳሜና እሑድ ነበር» የሚለውን ሰበብ አንቀጹ አያውቀውም።

ካለፈ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 መሠረት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቅርቡ። ከአቤቱታው ጋር በሚያያዘው ቃለ መሐላ ማን እንደያዘው፣ የትና እንዴት እንደታሰረ፣ ምስክሮቹም ይገለጹ። ብዙው የሚደናቀፈው እዚህ ነው፤ «ፖሊስ ያዘው» ብቻ ከተባለ መጥሪያው ለማን ይድረስ?

ካሳው ሌላ መዝገብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 መንግሥት የሚጠየቀው ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆን ነው፣ ማለትም ፖሊሱ በሥልጣኑ ክልልና ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ በቅን ልቦና አምኖ ያደረገው ሲሆን፤ የግል ከሆነ ፖሊሱ ብቻውን ይከፍላል። የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሁለቱንም መክሰስ ይሻላል። ይርጋው፣ ማለትም የካሳ ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በመደበኛው 2 ዓመት ነው።