ኮምፖስት በጓሮ፣ ለደሴም ለኮምቦልቻም

የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ከጫት የተረፈ ገረባ። ይሄ ሁሉ በፌስታል ታስሮ ከቤት ሲወጣ ሳይ ያንገበግበኛል። ይሄ ተከምሮ ሲበሰብስ ኮምፖስት፣ ማለትም ለአትክልት የሚሆን የተፈጥሮ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጓሮ ያለው ሰው ሲጥለው አፈሩን እየጣለ ነው።

ጉድጓድ አትቆፍሩ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላና ነገሩ ይበላሻል። ውሃ የማይተኛበት ጥግ ፈልጋችሁ መሬት ላይ ከምሩት። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብርዱ ብስባሹን ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይሻላል። ኮምቦልቻ ደግሞ ቶሎ ስለሚደርቅ ጥላ ሥር ይሁን። ክምሩ በወርዱም በቁመቱም 1 ሜትር ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ካነሰ ሙቀት አይዝም።

ከሥር ጭራሮ አንጥፉ፣ አየር እንዲገባ። ከዚያ አንድ ባልዲ እርጥብ በጨመራችሁ ቁጥር ሁለት ባልዲ ደረቅ ጨምሩበት፤ የረገፈ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተከታተፈ የማሽላ አገዳ፣ የተቀደደ ካርቶንም ይሆናል። እበት ካገኛችሁ በየመሀሉ ጣል አድርጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የወጥ ቤቱን ብቻ ይከምርና ሲሸተው «አይሆንልንም» ብሎ ይተወዋል። የሚሸተው እኮ አየር አጥቶ ነው!

ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ትርፍራፊ አይግባ፣ አይጥና ውሻ ይጠራል። የባህር ዛፍ ቅጠል በየቦታው ሞልቷል፣ ግን ቶሎ አይበሰብስም፣ አታብዙት። አመድም ከእፍኝ አይለፍ።

አሁን ረዘም ያለ እንጨት መሀሉ ድረስ ሰክታችሁ ተዉት። ከሳምንት በኋላ መዝዛችሁ ጫፉን ያዙት። ትኩስ ከሆነ እየሠራ ነው። ለብ ብሎ ከደረቀ ውሃ ርጩበት። ቀዝቅዞ ከረጠበና ከሸተተ ደረቅ ቅጠል ጨምራችሁ አገላብጡት። እርጥበቱን በእጅም ማወቅ ይቻላል፦ ጭብጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት ጠብታ ሁለት ጠብታ ካለ በቂ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል።

በየሁለት ሳምንቱ የውጭውን ወደ ውስጥ እያደረጋችሁ አገላብጡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በላስቲክ ሸፍኑት፣ አለበለዚያ ዝናቡ ፍሬ ነገሩን አጥቦ ይወስደዋል።

ኮምቦልቻ ላይ ከ3 እስከ 4 ወር ይበቃዋል፣ ደሴ ላይ ግን ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። ለቆስጣና ለሰላጣ መደብ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በትኑና ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉት። ለቆርቆሮና ለባልዲ ተክል ከሆነ አንድ እጅ ኮምፖስት ለሁለት እጅ አፈር። ያልበሰለው ጭራሮ ሲቀር አትጣሉት፣ ለሚቀጥለው ክምር መነሻ ይሆናል።