ምጽዋን ለእንግዳ ለማስጎብኘት

ከሁሉ በፊት ጊዜ ይምረጡ። በክረምት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል። ያኔም ቢሆን ቀትርን በጥላ ያሳልፉ። ከአስመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ ከ2,300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ጠርዝ የሚወርድ ጠመዝማዛ ነው፤ ሆዱ የሚረበሽ እንግዳ ከፊት ይቀመጥ። ለውጭ አገር ሰው የጉዞ ፈቃዱን አስቀድመው ያስወጡ።

ከየብስ ሲመጡ መጀመሪያ ከሚያገኙት ደሴት፣ ከጧሉድ ይጀምሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. ውጊያ የተጎዳውን ቤተ መንግሥት ካዩ በኋላ ባሕሩን አቋርጦ በተሠራው መንገድ ወደ አሮጌዋ ደሴት ይሻገሩ። እዚያ መኪናውን ይተዉት።

አንድ ግድግዳ አጠገብ ቆም ይበሉ። ልስኑ በረገፈበት ቦታ ድንጋዩ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ከባሕር የወጣ የኮራል ድንጋይ (የጥቃቅን የባሕር እንስሳት ቅሪት) ስለሆነ። ጨውና እርጥበት ስለሚበላው ይፈረፈራል፤ እንግዳው እንዳይፍቀው፣ ለማስታወሻም እንዳይቆርስ ይንገሩት። ከላይ የተንጠለጠሉት የእንጨት ሰገነቶች ነፋስ ያስገባሉ፤ ከውስጥ ያለው ሳይታይ ውጭውን ያያል።

ብዙ አስጎብኚ ሁሉንም «የቱርክ» ይላል። ግን ኦቶማን ቱርኮች የገቡት በ1557፣ ጣሊያን በ1885 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ1921ዱ (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላም ብዙ ቤት እንደገና ተሠርቷል። መስጊድ ለመግባት ያስፈቅዱ፣ ጫማ ያውልቁ። ካሜራ ወደ ወደቡ አያዙሩ።

ማታ ዓሣ ነው። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ የቀላ ራስዎ ይምረጡ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ በየመን ዓይነት ምድጃ ይጠበሳል። ሹካ አይጠይቁ፤ በእጅ፣ በትኩስ ቂጣ ነው።