የመስኮት ዙሪያ መድፈኛና ተለጣፊ የውሃ መከላከያ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ዋነኛው ስህተት «ከተጣበቀ ይበቃል» ማለት ነው። ሠራተኛው በመስኮቱ ዙሪያ ተለጣፊውን መከላከያ ይለጥፋል፤ በላዩ መድፈኛውን ከቱቦ ይጨምቃል፤ ሲደርቅ ጠርዙን በጣቱ ይጎትታል። አልላቀቅ ካለው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ምኑ ነው ያለቀው? መጣበቅ ሌላ፣ መስማማት ሌላ! የብዙው ተለጣፊ ማጣበቂያ በጎማ የተሻሻለ ሬንጅ ነው። ብዙ የፖሊዩሬቴን መድፈኛዎች ደግሞ ለስላሳ ሆነው እንዲቆዩ ፕላስቲሳይዘር የተባለ ዘይት መሰል ነገር ይጨመርባቸዋል። ይህ ዘይት ባለበት አይረጋም፤ ቀስ በቀስ ወደ ሬንጁ ይሰርጋል። ሬንጁ ይላላል፤ ሙቀት ሲያገኘው ይፈሳል፤ መድፈኛውንም ያጠቁረዋል። ይህ ሁሉ የሚታየው ክፍያው ካለቀ፣ መሰላሉ ከተነሣና ግድግዳው ከተለበሰ በኋላ ነው።

አንድ ሕንፃ ላይ ፀሐይ በሚመታው ጎን ያሉት መስኮቶች ከግርጌያቸው ጥቁር ዝቃጭ ያወርዱ ነበር፤ በጥላው ጎን ያሉት ግን ንጹሕ ናቸው። ሥራ ተቋራጩ «ተለጣፊው ብልሹ ምርት ነው» ብሎ ይምላል። በሁለቱም ጎን ተለጣፊው አንድ፣ መድፈኛውም አንድ ነበር። የተለየው ሙቀቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ተለጣፊውና መድፈኛው ይስማሙ እንደሆነ የሁለቱንም አምራቾች ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ኤ.ኤ.ኤም.ኤ. 713 የተባለው የአሜሪካ የሙከራ ዘዴ የተዘጋጀው ለዚሁ ጉዳይ ነው። ለአንድ መድፈኛ የተሰጠ ማረጋገጫ ለወንድሙ አያገለግልም፤ የንግድ ስሙ አንድ ቢሆንም እንኳ።

«የእኔ ተለጣፊ ማጣበቂያው ሬንጅ ሳይሆን ቡቲል የተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው» ብሎ መዝናናትም አለ። ቡቲል ሙቀትን ከሬንጅ በተሻለ ይችላል፤ ሟሟ ፈሳሽ የበዛበት መድፈኛ ግን እሱንም ያለሰልሰዋል። ለስላሳ የፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክ ክፍሎችም ፕላስቲሳይዘር እንዳላቸው አትርሱ።

ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት የሲሊኮን መድፈኛ አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ መዳብና ዚንክን ይበላል፤ ሲሚንቶ ላይም አይጸናም። ገለልተኛ የሚባለውን፣ ይህን አሲድ የማይለቀውን ዓይነት ተጠቀሙ።

የተለጣፊው የላይኛው ፊት ብዙውን ጊዜ ፖሊኤቲሊን የተባለ ፕላስቲክ ነው። ፖሊኤቲሊን ላይ በደንብ የሚይዝ መድፈኛ ጥቂት ነው። ጀማሪ የሚያየው ይህን ፊት ብቻ ስለሆነ «መድፈኛው ሬንጁን የት አገኘው?» ይላል። በምላጭ የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከት፤ ሬንጁ የተጋለጠው እዚያ ነው።

የመስኮቱን ግርጌ ሙሉ በሙሉ መድፈንም ስህተት ነው፤ ይህን አልዘረዝርም። የገባ ውሃ መውጫ ይፈልጋል።

ዝቃጩ አንዴ ከጀመረ በላዩ ሌላ መድፈኛ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። መድፈኛውንም የላላውንም ተለጣፊ አንሱ፤ ቅሪቱን ጠርጉ፤ በሚስማሙ ዕቃዎች እንደገና ሥሩ። ባዶውን ቱቦ ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት ስሙንና የምርት ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፤ ለጥገና የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።