የኮርኒያ ጥገኛ ተሕዋስያንን ስናክም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኮርኒያ የዓይንን ጥቁር ክፍል ከፊት የሚሸፍነው ጥርት ያለ አካል ነው። በጎጃም ዓይን በቀላ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠረጠረው ትራኮማ ነው፤ ትራኮማ ግን የሚመጣው ከባክቴሪያ ሲሆን፣ በውሃና በአፈር ውስጥ የሚኖረውን አካንታሜባ የተባለ ጥገኛ (አሜባ) የቴትራሳይክሊን ቅባት አይገድለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ከቤት የተረፈ ቅባት እየቀቡ ሳምንታትን ማሳለፍ ነው። በአውድማ ገለባ ዓይኑን ወግቶት በመስኖ ቦይ ውሃ የታጠበ ገበሬ፣ ሕመሙ ከሚታየው ቁስል በላይ ከበረታበትና ብርሃን ማየት ካቃተው፣ የሆነውን ሁሉ ለሐኪሙ በዝርዝር ይንገር። ሐኪሙ ከቁስሉ ፍቆ እንዲመረምር የሚያነሣሣው ይህ ታሪክ ነው፤ አለበለዚያ በሽታው ሄርፐስ የተባለው ቫይረስ ከሚያመጣው ቁስል ጋር በቀላሉ ይምታታል። ጠበልን በተመለከተም፣ እምነትን የሚነካ ነገር ለመናገር አይደለም፤ የቆሰለ ዓይን ውስጥ ግን ከየትም የተቀዳ ጥሬ ውሃ ባይገባ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ የስቴሮይድ ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መጠቀም ነው። ጠብታው ቅላቱን ያጠፋል፣ ሕመሙን ያስታግሳል፤ በሽተኛውም ዳንሁ ብሎ ብልቃጡን ለጎረቤት እስከማዋስ ይደርሳል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የዓይንን መከላከያ ስለሚያዳክም አሜባው ተደላድሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ምርመራውም ይዘገያል። ስቴሮይድ የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢኖርም፣ የሚታዘዘው አሜባውን የሚገድለው ሕክምና ከተጀመረ በኋላ በዓይን ስፔሻሊስት ነው።

ሕመሙ ሲቀል መድኃኒት ማቋረጥም ብዙዎችን ይጎዳል። አሜባው ሲጠቃ ድርብ ግድግዳ ባለው ከረጢት ውስጥ ይሸሸጋል። በዚህም ምክንያት አሜባውን የሚገድል 0.02 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ወይም ፒኤችኤምቢ የተባለ መድኃኒት የያዘው ጠብታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊቱን ጨምሮ በየሰዓቱ፣ ከዚያም እየተራራቀ ለወራት ይሰጣል። ጠብታው በየመድኃኒት ቤቱ ስለማይገኝ፣ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር የሄደ ታካሚ እስከ ቀጠሮው የሚበቃውን ይዞ ይመለስ። ስሙ አንድ ነው ብሎ ለሕፃናት እትብት የሚቀባውን 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ መጨመር ግን አደገኛ ነው፤ በብዙ እጥፍ የጠነከረ በመሆኑ ኮርኒያን ያቃጥላል።

የዓይን ሌንስ የሚያደርጉ ወጣቶች ሌንሱን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ጣና ሲዋኙም ያውልቁት።

በአዊ ዞን ቆላማ አካባቢዎች በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለው የትል በሽታም ኮርኒያን ያጠቃል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት አይቨርሜክቲንን አንድ ጊዜ ውጦ በቃኝ ማለት ነው። መድኃኒቱ ወደ ዓይን የሚዘልቁትን እጮች እንጂ ከቆዳ ሥር ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚኖረውን አዋቂ ትል አይገድልም፤ ስለዚህ በየመድኃኒት ዕደላ ዘመቻው ሳያቋርጡ መዋጥ ያስፈልጋል። ኮርኒያ ላይ ጠባሳ ከተጋደመ በኋላ ክኒኑ መልሶ አያጠራውም።