የዕርዳታ እህልን ማቀድ፣ መረከብና ማከማቸት፦ ለወረዳ መጋዘን ኃላፊዎች

ወደ ኢትዮጵያ ከውጭ የሚገባው የዕርዳታ ስንዴ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል አልፎ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ፣ ዕቅዱ መጀመር ያለበት ከመኪና ጥያቄ ሳይሆን ከተረጂዎች ቁጥር ነው። በአገራችን የተለመደው ሙሉ ወርኃዊ ድርሻ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። 20,000 ተረጂ ላለበት ወረዳ 3,000 ኩንታል እህል፣ 300 ኩንታል ጥራጥሬና 90 ኩንታል ዘይት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ ሲሰላም ዘጠኝ ምልልስ ይሆናል። ተሳቢ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ተለይተው አነስተኛ መኪና ይመደብላቸው።

ጭነቱ ሲደርስ ሸራው ከመገለጡ በፊት ውሃ የገባበት ቦታ መኖሩን ይመልከቱ። ከረጢቶቹ ሲወርዱ እየተቆጠሩ፣ የረጠቡትና የተቀደዱት ለብቻቸው ይቀመጡ፤ በናሙና ይመዘኑም፣ ምክንያቱም 50 ኪሎ የተባለ ከረጢት በየመንገዱ ሊጎድል ይችላል። ጉድለቱ በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ ተጽፎ ሾፌሩ ሳይፈርምበት መኪናው አይለቀቅ። የንብረት ገቢ ደረሰኝ የሆነው ሞዴል 19 የሚቆረጠው በእጅ ለገባው መጠን ብቻ ነው፤ በሰነዱ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ያልደረሰውን እህል መፈረም፣ ሾፌሩ የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ ተገቢ አይደለም።

ክምሩ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከረጢቶቹ እንደ ጡብ ተጠላልፈው ይደርደሩ። በየረድፉ ያለው ቁጥር እኩል ከሆነ ቆጠራው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሲወጣ ቀድሞ የገባው ይቅደም፤ ለዘይትና ለአልሚ ምግብ ግን የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃው ይውጣ፣ ወጪውም በንብረት ወጪ ማድረጊያው ሰነድ በሞዴል 22 እና በክምሩ ካርድ ላይ በዕለቱ ይመዝገብ።