ሁለት ገጽ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር

ለወራት ያው ነው። ከሥራ እገባለሁ፣ ልጆቹን አስተኛለሁ፣ ልብ ወለዴን ይዤ ጋደም እላለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ መጽሐፉ ፊቴ ላይ ዱብ! በማግስቱ ያንኑ ገጽ እንደገና።

መጀመሪያ በቀን 30 ገጽ ብዬ ዕቅድ አወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ዕዳ ሆነብኝ። ቀጥሎ አንድሮይድ ስልኬ ላይ በዲጂታል ዌልቢንግ (የመተግበሪያ ጊዜ መገደቢያው) ለቲክቶክ የ15 ደቂቃ ገደብ አደረግሁ። ገደቡ እኩለ ሌሊት ላይ ይታደሳል። እኔም ቁጭ ብዬ ስድስት ሰዓትን መጠበቅ ጀመርኩ (ማፈሪያ ነው፣ አውቃለሁ)።

የሠራልኝ ንባቡን ወደ ጠዋት ማዛወር ነው። የስልኩን ቻርጀር ሳሎን ሰካሁት። ኮሞዲኖው ላይ በስልኩ ቦታ መጽሐፉና የድሮ የደወል ሰዓት ተቀመጡ። ከቤተሰቡ 20 ደቂቃ ቀድሜ እነሳለሁ። ያልጣመኝን መጽሐፍ ደግሞ ያለምንም ይሉኝታ እተወዋለሁ። ትናንት ምዕራፉን ልጨርስ ስል ሥራ ሊረፍድብኝ ነበር።